ጨፍኛ

ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ አንዷ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ምስሉ ከመምጣቱ በፊት የተሰማው ቀጭን ፉጨት ከሚሴ ከተማ፣ ዘጠነኛ ክፍል ወስዶ አስቀመጠኝ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን የአክሰንትና የዳያሌክትን ልዩነት እያስረዳን ነበር። «አክሰንት የድምፅ ነገር ነው፤ ዳያሌክት ግን ቃላቱም ሰዋስዉም ሲለይ ነው» አለና ከጨፋ ሮቢት የመጣሁትን እኔን አስነስቶ አስነበበኝ። ሦስት መስመር ሳልሄድ አስቆመኝ። «የዚች ግን አክሰንትም ዳያሌክትም አይደለም፤ ጨፍኛ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ጨፍኛ» ሆነ። ለአባቴ እያለቀስኩ ስነግረው «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያያል» አለኝ። እኔ ግን ትዕግስቱ አልነበረኝም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት የሚተላለፍበት ቴሌቪዥን፣ ፕላዝማ፣ መጣ፤ ሲከፈት እንዲሁ ያፏጫል። ከስክሪኑ የምታስተምረን የውጭ አገር ሴት እየተጣደፈች ታወራለች፣ ትጠይቃለች፣ ማንም ሳይመልስላት «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። አንድም ቃል እንዳልገባው ከፊቱ አነበብኩና እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ ምን አለች?»

አላበው። በማግስቱም ጠየቅኩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ጠየቅኩት። አርብ ዕለት ሄዶ አጠፋውና «ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም ቲቸር» አልኩት፤ «አክሰንት ነው።»

የዚያን ቀን ሳቁ የእኔ ነበር። ግን አልበቃኝም።

አሁን አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትክ ብለው አዩኝ። እሱ ነው፤ መምህሩ። «ሃው አር ዩ፣ ልጄ?» አለኝ በደከመ ድምፅ።

በደንብ ሰምቼዋለሁ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

ደገመልኝ።

«ምን አሉ?»