አባዬን ከጋራዥ ያስወጡበት ቀን

በቴክሳስ ሙቀት ተዘግቶ የዋለ የቤት መኪና ማስገቢያ ጋራዥ ሲከፈት የሚወጣው የጋለ ጎማና የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር ዘጠኝ ዓመቴ ይመጣብኛል፤ እኔ ደግሞ ያንን ዓመት አልወደውም።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል አባዬ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እየጫነ ወድቆ ሞተ። እኔ አላወቅሁም። እማዬ «አባትሽ አያትሽን ሊያስታምም ሀገር ቤት ሄዷል» አለችኝ፤ ግማሹ እውነት ነበር፣ አስከሬኑ በሳጥን ተልኳል። መርዶውን ለመንገር የስቴቱ ፈተና ይለፍላት ተባለ፣ ፈተናው ሲያልፍ ልደቷ ይለፍ ተባለ፣ ልደቴ ሲያልፍ ደግሞ ደፍሮ የሚናገር ጠፋ። ፕሌኖ ከተማ ያለው ቤታችን የሚመጡት የቸርች ሰዎች እኔ ስገባ ዝም ይሉ ነበር፣ እኔም ስጦታ የሚደብቁኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ሙቀቱ ሲብስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያ ካለው ፍሪጅ ጭማቂ ላመጣ ጋራዥ ብገባ አባዬን አየሁት። የሥራ ሰደርያውን ለብሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ መደርደሪያው ላይ የሆነ ነገር ይፈልግ ነበር። ልጠራው አፌን ስከፍት የለም። ሮጬ ገብቼ «አባዬ መጥቷል! ጋራዥ ውስጥ ነው!» ስል እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ የእማዬ ጓደኛ እትዬ ሰናይት ሦስት የጸሎት ሰዎች አስከትለው መጡ።

«ሙታን አይመለሱም፤ መልኩን ለብሶ የመጣ ጋኔን ነው» አሉ እትዬ ሰናይት።

«ሰኒዬ፣ ልጅቷ እዚህ ናት፣ ቀስ በይ» አለች እማዬ።

«ሰይጣን በቀስታ ይወጣል እንዴ? ሶ ምን ላድርግ፣ ቴክስት ላድርግለት?»

ከዚያ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ዘርግተው «በሞተው ወንድማችን መልክ የመጣህ፣ ውጣ!» ብለው ጮኹ። «በሞተው» ሲሉ ሁሉም ዞረው አዩኝ። መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለጋኔን ሲነገር።

ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። አሥረኛ ክፍል ስደርስ፣ በብርዱ ወራት፣ ለታሪክ ትምህርት ብዬ ስለ ድሮ እንግሊዞች የሙታን መንፈስ የተጻፈ መጽሐፍ ከላይብረሪ ተዋስኩ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ሰባኪዎቻቸው ልክ እንደ እትዬ ሰናይት «የምታዩት ሰይጣን ነው» እያሉ ይገሥጹ ነበር፣ ተራው ሰው ግን ሟቾቹን በየጓሮውና በየጎተራው ማየቱን አላቆመም። ሙት የሚመለሰው ሳይጨርስ የሄደው ነገር ስላለ ነው፣ ሕያው ሰው በእግዚአብሔር ስም «ምን ፈልገህ መጣህ?» ብሎ ካልጠየቀው ግን መናገር አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት። አባዬን ማንም አልጠየቀውም፤ ውጣ ብቻ ነው ያልነው።

እስከ ጸደይ መጨረሻ ድረስ፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዥ ገብቼ ባልዲ ላይ እቀመጥና «አባዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ምን ፈልገህ ነበር?» እል ነበር። አንድ ቀን እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጣ እንዴ?» አለችኝ።

«አልመጣም።»

በሩን ዘግታ ሄደች።

ቤቱ ተሸጧል፣ እኔም አሁን ማኪኒ ከተማ በአንዲት ጠባብ አፓርትመንት እኖራለሁ። ያኔ፣ አንዳችን ሞቶም ቢሆን፣ ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን። አሁን ሁለት ነን፣ ያውም እማዬ በመጣችበት እሁድ ብቻ፤ ቲቪ ከፍተን ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ የምንጠብቀው ሰው የለም።