የአባቱ መጫኛና የመኪናችን ሞላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ቀን፣ እዚሁ ብቸና ግቢያችን ውስጥ ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ ባለቤቴ ሰው ባገኘ ቁጥር ያወራዋል። የሚያወራው ግን እንደሆነው አይደለም። አፌን ይዤ ከምቃጠል ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ባለቤቴ ይበልጣል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ሽቦ ይሸጣል። ሚስማር ስለሚሸጥ ብቻ በዓለም ላይ የማይጠግነው ነገር ያለ አይመስለውም። ሶኬት ይፈታል፣ ቧንቧ ይፈታል። ችግሩ መግጠሙ ላይ ነው።

አራስ እህቴን ልንጠይቅ ሞጣ ስንሄድ፣ ግንደወይንን እንዳለፍን አሮጌዋ መኪናችን በፊት ጎማዋ በኩል ትንኳኳ ጀመር። ሞጣ ያገኘነው መካኒክ ከሥሯ ገብቶ አየና ሾክ አብዞርበሩ ማለቁን ነገረን።

"አዲሱን ግዙና ይዛችሁልኝ ኑ። ብቻ ቤት እንዳትፈቱት! ዙሪያውን ያለው ሞላ ተጨምቆ የተቀመጠ ነው፤ በራሱ ማጥበቂያ ካልተያዘ ሰው ይገድላል" አለ።

ይበልጣል ራሱን ነቀነቀ። እኔ የሰማ መስሎኝ!

ዕቃው ከባሕር ዳር በመጣ በማግስቱ፣ ሱቅ አልከፍትም ብሎ ሥራ ጀመረ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማዋን ፈታ፣ ያንን ጉደኛ ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ አውጥቶ በረንዳው ላይ አቆመው። ይሄስ ይሁን። ሞላውን በምን እንዳሰረው ብታዩ! ከአባቱ በወረሰው መጫኛ። እህል አህያ ላይ ሲጫን በሚታሰርበት ጠፍር!

"ሰውዬው ምን ነበር ያለን?" አልኩት።

"ይሄ መጫኛ ስንት ዘመን ጭነት የቻለ፣ ለአንድ ሞላ ያንሳል?" አለኝ። ከሱቁ ሽቦም አምጥቶ ጨመረበት፤ እኔን ደስ ለማሰኘት መሆኑ ነው።

"ሰው ይገድላል ተብሏል እኮ!"

"መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው የሚል፣ ሥራ እንዳይቀርበት። ደግሞ አንቺ ንዝንዝ ትወጃለሽ።"

ተንበረከከና አገጩን ከሞላው አናት በላይ አድርጎ የላይኛዋን ዳዶ ይፈታ ጀመር። እኔም ንድድ ብሎኝ ጥዬው ልገባ ስል የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አባቴ ናቸው። ሳይነግሩን ከየጁቤ መጥተዋል።

እንግዲህ አማት ደጅ ላይ ሲቆሙ ምን ይደረጋል? ብድግ ብሎ "ኖር!" ማለት፣ ጉልበት መሳም ነው። ይበልጣል ግን ከተንበረከከበት ንቅንቅ ሳይል፣ "እንደምን ዋሉ አባባ! ይቅርታ፣ እጄ ግሪስ ነው፤ አንዲት ዳዶ ናት የቀረችኝ" አይል መሰላችሁ!

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ይበልጣል! አባቴ ቆመው አንተ ቁጭ? ተነስ!"

"ተይው ልጄ፣ ሥራ ይዟል" አሉ አባቴ።

"ሥራው የትም አይሄድም! ተነስ አልኩህ!"

ቁልፉን አስቀመጠና እያጉረመረመ ተነሳ። እጁን በሱሪው ጠራረገ። ከበረንዳው ወርዶ አባቴ ዘንድ ደረሰ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም ጧ! አለ።

ጎረቤቱ ጥይት የተተኮሰ መስሎት በሩን ዘጋ። እኔ መሬት ላይ ተደፍቻለሁ። ቀና ስል፣ መጫኛው ሾልኮ ወዲያ ወድቋል፣ ሞላው ግቢው መሐል ይንከባለላል፣ ከአናቱ የነበረው ብረት ደግሞ የበረንዳውን ቆርቆሮ በስቶ ወጥቷል። ዳዶዋ ለካ በጥርሷ ጫፍ ብቻ ነበር የቆመችው። ቀዳዳው ይበልጣል ተንበርክኮበት ከነበረው ቦታ በላይ ነው። ከዚያ ባይነሳ ኖሮ ያ ብረት መጀመሪያ የሚያገኘው ቆርቆሮውን አልነበረም።

ይበልጣል ፊቱ አመድ መሰለ። አባቴ ትከሻውን እንደያዙ ቆርቆሮውን ሲያዩ ቆዩና፣ "ይሄን ነገር የሚሠራ ሌላ ሰው የለም?" አሉ።

እኔን የሚያቃጥለኝ የኋላው ነው። ዘመድ ጎረቤቱ "እንኳን እግዜር አተረፈህ" ሊለው ሲመጣ ይበልጣል ምን ቢል ጥሩ ነው? "አማቴን እያየሁ እንዴት ቁጭ እላለሁ? ገና ሳያቸው ብድግ ስል ነው የፈነዳ!"

ብድግ ስል! ኧረ የሰው ያለህ! አሁን ብቸና ውስጥ ይበልጣል ማለት አማቱን በማክበሩ ከሞት የተረፈ ጨዋ ሰው ነው። ልጆቻቸውን በሱ የሚመክሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አሉ። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ፣ ሞጣ ድረስ ሄዶ ይህንኑ አወራ። አባቴ አጠገቡ ተቀምጠው እኔን አየት አደረጉኝና ጠላቸውን አነሱ። አማች ማሳፈር አይሆንላቸውም።

የተረፈው በንዝንዝ ነው፤ በኔ ንዝንዝ! አንድ ቀን እንኳ "ሚስቴ ጮኻብኝ ተረፍኩ" ቢል ምን ይጎድልበታል? ቆርቆሮውም እስከ ዛሬ እንደተበሳ ነው። ቆርቆሮ ነጋዴ ቤት፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ እንደቅናለን!

ሰሞኑን ደግሞ የመኪናዋ ሌላው ጎን ይንኳኳ ጀመር። ይበልጣል ጎማውን ሲያይ ሲያይ ቆየና ወደ ጓዳ ገባ። ምን ፍለጋ እንደገባ አውቄዋለሁ። መጫኛውን ግን ቀድሜ በቢላዋ ቆራርጬዋለሁ።

"የአባቴን መጫኛ!" ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እንዳኮረፈ መኪናዋን ሞጣ ወሰዳት፤ ሞላዋን ግን አልነካም።

ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ነኝ። በቀዳዳው ሰማይ ይታየኛል። ከሳሎን ደግሞ ድምፁ ይሰማኛል፤ ለእንግዳ ያንኑ ወሬ እያወራ ነው፣ አሁን ደግሞ የመጫኛውንም ሐዘን ጨምሮበታል። ያውራ። ያን ቀን ባይነሳ ኖሮ ለማን ላለቅስ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ።