የሐምዳን ባጃጅና የአጎቱ ማንጎ

ጎረቤቴ ሐምዳን እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው። "እሺ ይበልጣል ከሺ" የሚለውን ተረት ማን እንደነገረው እንጃ፣ እንደ ሃይማኖት ይዞታል። አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። አሮጊት ካየ ይቆማል፤ እኔም ፊዚክስ ሳስተምር ውዬ ድክም ብሎኝ ስወጣ ከትምህርት ቤቱ በር ያነሳኛል። "ቲቸር፣ ግባ!" ይለኛል። አፉን የፈታው በቤርትኛ ነውና ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔም "ግቢ በል" ብዬ ማረም ትቻለሁ።

ጣጣው ማንጎ ነው። እናቱ ኡምኩልሱም ወንድሟን ልትጠይቅ ወደ መንደር ስትሄድ የሚያደርሳትም የሚመልሳትም እሱ ነው። ወንድሟ ጁምዓ፣ አባት የሌለውን ሐምዳንን ያሳደገ ሰው ነው። እዚያ እንግዳ ሳይጫንለት አይሸኝም፤ ስጦታ መመለስ ደግሞ ከስድብ ይቆጠራል። ጁምዓ አንድ ጆንያ ማንጎ ይጭናል፤ ጎረቤቱ ያይና "እኔስ?" ብሎ ሌላ ይደርባል። እየበረረች የሄደችው ባጃጅ እንደ እርጉዝ ላም እያቃሰተች ትመለሳለች።

አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ጆንያው ሲቆለል ባይ ደሜ ፈላ።

"ስማኝ ሐምዳን! የፍሬንህ ጉልበት ያው ነው፤ ማንጎ ስለጫንክ አይበረታም። የባጃጇ ግዝፈት እጥፍ ሲሆን፣ ያው ፍሬን በየሰከንዱ የሚቀንስላት ፍጥነት ግማሽ ብቻ ይሆናል። ለመቆም እጥፍ መንገድ ትፈልጋለች።"

"ቀስ ብዬ ነው የምነዳ፣ ቲቸር።"

"ቀስ ብትልስ! ሞመንተም ማለት ግዝፈት በፍጥነት ተባዝቶ ነው። ከፍጥነቱ ብትቀንስ ግዝፈቱን ቆልለኸዋል እኮ!"

"ስጦታ ነው" አለኝ እየሳቀ። "ሰው ስጦታ ይመልሳል እንዴ?"

"ሐራም ነው፣ ልጄ ሰገነት" አለችኝ ኡምኩልሱምም። ምን ላድርግ? እግሬን ጆንያ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ።

ከተማው መግቢያ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ፍየሎች መንገዱን ሞሉት፤ ከኋላቸው ገበያተኛ ሴቶች ነበሩ። ሐምዳን ፍሬኑን ረገጠ። ባጃጇ ቀነሰች እንጂ አልቆመችም። "ያ ረብ!" ብሎ መሪውን ቆለመመና የቀርከሃ አጥር ውስጥ ወሸቃት። አጥሩ ጎበጠ፣ ተንጣጣ፣ እየተሰበረ አቆመን። ግንብ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ሞመንተም በአንዴ ይነጥቀን ነበር፤ የዚያ ጉልበት ደግሞ አያድርስ ነው። ቀርከሃው ቀስ እያለ ስለተቀበለን ተረፍን። ሴቶቹም አልተነኩም። የኡምኩልሱም ክንድ ግን ተሰበረ።

ባጃጇ ከተጠገነች በኋላ ሐምዳን መንገደኛ ይዞ ወደዚያው መንደር ሄደ። ጁምዓ እንደ ልማዱ ጆንያ ይዞ ወጣ። ሐምዳን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ "አይሆንም፣ ኻል" አለ፤ ኻል ብሎ ነው የእናቱን ወንድም የሚጠራው። ጁምዓ ጆንያውን መሬት ላይ ጣለና ሳይሰናበተው ቤቱ ገባ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ክንዷ መሰበሩን ለምን አልነገርከውም?" ብዬ ጮህኩበት።

"ብነግረው፣ እህቴን የሰበርኩ በእኔ ማንጎ ነው ይላል። በዚህ ዕድሜው አይችለውም። እኔን ይጥላኝ ይሻላል።"

ጅል ብዬ ልሰድበው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ ወዲያ ሐምዳን እህል አልወርድህ አለው። አባት ሆኖ ያሳደገ ሰው ፊቱን ሲያዞር ቀላል ነገር አይደለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ደንግጦ ያያል፤ ጁምዓ ግን አይደውልም።

ወሬ መቼም ተደብቆ አይቀርም፤ ገበያ የዋሉ ሴቶች የእህቱን ክንድ መሰበር ለጁምዓ ነገሩት። ዓርብ ከሶላት በኋላ እነሐምዳን ቤት ለኡምኩልሱም ሾርባ እያማሰልኩ ሳለ አንድ አቧራ የለበሰ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመ። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። ሐምዳን ብድግ አለ። ጁምዓ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየው።

"ባዶ እጄን መጣሁ" አለ በቤርትኛ፤ ያን ያህል እሰማለሁ። "በሕይወቴ ባዶ እጄን ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ አንተ ብዬ ገባሁ።"

ሐምዳን የአጎቱ ጉልበት ላይ ተደፋ። ሽማግሌው ራሱን ዳበሰው፤ ከዚያ ከእህቱ አጠገብ ተቀምጦ ደህናውን እጇን ያዘ።