ቀለበቷ መስኮት ላይ የተገኘው ቁጥር አራት

ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ቢምቢ ያመጣችበት ትኩሳት ጉልበቱን ቆልፎ ሁለት ወር ሙሉ በእንብርክኩ አስኬደው። እንደምንም ዳነ። ከቢምቢ ጋር ግን እንደተቀያየመ ቀረና፣ ካደገ በኋላ ጤና ቢሮው «ዶሮ ጠባቂ እንፈልጋለን» ሲል ማንም ሳይቀድመው ተቀጠረ። ሰፈሩም «የዶሮ ዘበኛ» ብሎ ስም አወጣለት።

ሥራው ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አልነበረም። ረግረጉ ዳር ባለው ቤቱ ጓሮ ስድስት ዶሮዎች በሽቦ ቤት ይኖራሉ፤ እያንዳንዷ እግሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አላት። ቫይረስ የያዘች ቢምቢ ብትነክሳቸው አይታመሙም፤ ደማቸው ግን ምስጢር መያዝ አያውቅም። ዘበኛው በየሰኞው ከክንፋቸው ሥር ጥቂት ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ምልክት ከተገኘ፣ በሽታው ሰውን ሳያዳርስ ሰፈሩ የቢምቢ መድኃኒት ይረጫል።

አንድ ቅዳሜ አማቱ ሊጠይቁት መጡ። ቢሮ ደርሶ ሲመለስ ምሳ ቀርቦ ጠበቀው። እጃቸውን እያመሰገነ አንዱን ታፋ ጨርሶ ሁለተኛውን ሲያነሳ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ።

«እማማ፣ ይሄ ቀለበት ከየት መጣ?»

«ከዶሮዋ እግር ነዋ! ወይ ዘመን፣ ዶሮም ማጌጥ ጀመረች? አጥቤ አስቀመጥኩልህ።»

«ቁጥር አራትን አረዷት?»

«ቁጥሯን አልጠየቅኋትም።»

ሚስቱ ሳቋን በእጇ አፈነች።

ዘበኛው ኩሩ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አንዲት ዶሮ ሳያጠፋ ኖሮ፣ ዛሬ «ከአማቴ ጋር ሆነን በላናት» ብሎ ሪፖርት ይጻፍ? በማግስቱ ገበያ ወርዶ ቁርጥ ሟቿን የምትመስል ቀይ ዶሮ ገዛና ቀለበቱን አጠለቀላት። ሰኞ ከስድስቱም ደም ቀዳ። ነገሩም ተዳፍኖ ቀረ ብሎ ደስ አለው።

ሐሙስ አለቃው ሞተር ብስክሌቱን እያስጓራ ከች አለ።

«ቁጥር አራት ተይዛለች! ባለፈው ሳምንት ንጹህ ነበረች፤ ቫይረሱ ሰፈርህ መግባቱ ነው። ያለን መድኃኒት የሚበቃው ለአንድ ሰፈር ነው፤ ነገ እዚህ እንረጫለን። ጎበዝ ዘበኛ!»

ዘበኛው ግን ደሟ የተቀዳው በተገዛች በማግስቱ መሆኑን ያውቃል። አለቃው ዞር እንዳለ ወደ ዶሮ ሻጯ ሮጠ።

«እቴ፣ ያቺን ቀይ ዶሮ ከየት ነው ያመጣሻት?»

«ወንዝ ማዶ ካለው ቤቴ። እዚያው ነው ያሳደግኋት። ምነው፣ አልጣፈጠችም?»

«ሰፈራችሁ ትኩሳት አለ?»

«ጎረቤቴ ጉልበቷን ይዟት ከተኛች ሦስት ቀኗ። ምን ሆነሃል፣ ፊትህ ተለወጠሳ?»

ዝም ቢል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳይጻፍበት ስሙ ተጠብቆ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ግን እዚህ ፈስሶ ያልቃል፣ የወንዝ ማዶ ልጆችም እንደሱ በእንብርክካቸው ይሄዳሉ። ቢሮ ገብቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ቁጥር አራት ሌላ ዶሮ ናት። የመጣችውም ከወንዝ ማዶ ነው።»

«የኛዋስ የት ሄደች?»

ዘበኛው ሆዱን አሳየ።

አለቃው ጮኸ፤ ጠረጴዛ ደበደበ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ «አማትህም በልተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ሳቅ አሸነፈው። ቢሆንም ደብዳቤው ተጻፈ። በማግስቱ መድኃኒቱ ወንዝ ማዶ ተረጨ፤ የሕሙማኑ ደም ሲመረመርም ያው ቫይረስ ተገኘ።

አማቱ ደብዳቤው ሲነበብላቸው ቆጣ አሉ።

«እኔ ባላርዳት ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ለኔም የምስጋና ይጻፉልኝ እንጂ!»

ዘበኛው ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ከሥራህ ሁሉ የትኛው ይበልጥብሃል ሲሉት እንዲህ ይላል፦

«ደም መቅዳት ማንም ይለምደዋል። ከአለቃዬ በር እስከ ጠረጴዛው ስምንት እርምጃ ነው፤ እሱን መራመዴ ይበልጥብኛል። ዶሮዋም፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ጣፋጭ ነበረች።»