የመንገደኛ ጥንቅሽ

ማሽላ ዝናብ ሲቋረጥበት ራስ ማውጣት ያቅተዋል። ይህን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላው ነገር ነው፤ ወደ ፍሬው ሊሄድ የነበረው ጣዕም መሄጃ ሲያጣ አገዳው ውስጥ ይቀራል። ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት በገባበት ጥቅምት፣ በቆቦና በሮቢት መካከል ያለው ሜዳችን አንዲት ፍሬ ሳይዝ ደርቆ ሲቆም፣ በማሳችን ዳር የነበረው ጥንቅሽ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀምሼው በማላውቅ ጣዕም ጣፈጠ። አላህ ሁሉን ሲነሳን ያችን ለምን እንደተወልን አላውቅም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ እውነቱን ለመናገር ያስፈራኛልም።

ጥንቅሹን የዘሩት አባባ የምላቸው የባለቤቴ አባት ናቸው። በየዓመቱ ማሽላ ሲዘሩ፣ መንገዱን ይዞ በሚሄደው የማሳ ዳር አንድ መስመር ጥንቅሽ ይጨምራሉ። ለቤት አይደለም፤ ለአላፊ አግዳሚው ነው። ገበያ የሚወርድ፣ ከብት የሚነዳ፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሁሉ አንዳንድ አገዳ ሰብሮ እየመጠጠ ያልፋል። እኛ የቤቱ ሰዎች ከዚያ መስመር ብንሰብር ግን አባባ ይቆጣሉ። "የሰው ሐቅ ነው፣ አትንኩ" ይሉናል። ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን፣ ወይ ጉድ፣ በገዛ ማሳዬ ሌባ ልባል ነው ብዬ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

በዚያ ጥቅምት ባለቤቴ ቤት አልነበረም። በሬዎቻችን ካለቁ በኋላ፣ ጥጥ ለቀማ አገኝ እንደሆነ ብሎ ወደ አፋር ወርዷል። ቤት የቀረነው አባባ፣ የባለቤቴ እናት የሆኑት አማቴ፣ እኔና ገና መዳህ ያልጀመረች የበኩር ልጄ ነን። ጡቴ ደርቋል። ላሚቱ ከበሬዎቹ ቀድማ ሞታለች፤ ጎረቤት እንዳልጠይቅ ጎረቤቱም እንደኛው ነው። መጀመሪያ ልጄ ሌት ተቀን ታለቅስ ነበር። ከዚያ ማልቀሷን ተወች። የወለደች ሴት ታውቀዋለች፤ የሚያስፈራው የልጅ ለቅሶ አይደለም። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ዝም ማለቷ ነው።

"ይኸ ጥንቅሽ እኮ ውኃ አለው" አሉ አማቴ። "እኛ በጥርሳችን የምናወጣውን ለሷ በእጃችን እናውጣላት።"

አባባ ከቤት ራቅ ባሉበት ሰዓት ሄደን ሰበርን። ልጠን፣ ቆራርጠን፣ በሙቀጫ ወቅጠን፣ በሻሽ ቋጥረን ከወዲያና ከወዲህ ይዘን ጠመዘዝነው። በእጃችን ጉልበት ስላልነበረ ከአንድ እቅፍ አገዳ የወጣው አንዲት ሲኒ እንኳ አልሞላም። ግማሹን በጣቴ እየነከርኩ አፏ ውስጥ አደረግሁላት። ዋጠች። ግማሹን ለከሰዓት አስቀመጥነው።

የቆቦን ሙቀት ግን ረስተነዋል። ከሰዓት ስንከፍተው አረፋ ደፍቋል፤ ሽታውም ተለውጧል። አማቴ አንድ ጊዜ አሸተቱና ይዘውት ወጥተው ደፉት። ጮኽኩባቸው። ምራት በአማቷ ላይ እንደዚያ ስትጮህ በአካባቢያችን ተሰምቶ አይታወቅም።

"የልጄን ነፍስ መሬት ላይ አፈሰሱት!"

"አብሽሪ፣ ልጄ። የሚያሰክር በዚህ ቤት አይጠጣም፤ ይኸን የቀመሰ ባዶ አንጀት ደግሞ አይተርፍም። ትኩስ ትኩሱን እያወጣን እንሰጣታለን።"

"በየትኛው እጃችን?" አልኳቸው።

አማቴ ወደ ጓሮ ዞሩና ሞፈሩን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ ሞፈሩ መናገር አለብኝ። በሬዎቹ ካለቁ ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ነው። አባባ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ በጋቢያቸው ጫፍ አቧራውን ይጠርጉለት ነበር። በሬዎቹ ከሞቱ ወዲህ ከሰው ጋር ብዙም አያወሩም። በዚያ ቤት ደግሞ ሴት ሞፈር አትሻገርም፤ ከተሻገረች ከእርሻው በረከት ይሸሻል ይባላል። አማቴ ይህን ከኔ በላይ ያውቃሉ።

"በረከቱ ሂዶ የለ" አሉ፣ እያለከለኩ። "አሁን ደግሞ የት ይሸሻል? ነይ ያዢልኝ።"

የሚፈጭ እህል ስላልነበረ የድንጋይ ወፍጮውም ሥራ ፈቷል። ከመደቡ ነቅለን፣ እየገፋን ወደ ደጅ አወጣነውና ከግቢው የድንጋይ ካብ ሥር አጋደምነው። የተወቀጠውን አገዳ በጆንያ ቁራጭ ጠቅልለን ወፍጮው ላይ አደረግን፤ በላዩ የሚፈጨውን ትንሹን ድንጋይ፣ መጁን፣ ከመጁ በላይ ሞፈሩን። የሞፈሩን አንድ ጫፍ ካቡ ውስጥ ወሸቅነው። በሌላው ጫፍ ላይ እኛ ልንቀመጥ ነው። የወፍጮው ተዳፋት በሚያልቅበት ቅል ደቀንን።

ይህን ስናደርግ አባባ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ቀና ስል አየኋቸው፤ እርግማን ጠበቅሁ። ሞፈሩን አዩት፣ በጀርባዬ ያዘልኳትን ልጅ አዩ።

"ሞፈሩስ ይሁን" አሉ። "እንጨት ነው። ጥንቅሹ ግን የመንገደኛ ሐቅ ነው። መንገደኛ ሳይፈቅድ የልጄን ልጅ ሐራም አላበላም።"

ደሜ ፈላ። "አባባ፣ ልጅቱ እየሞተች ነው! እንኳን መንገደኛ መንገዱም ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር" አልኩ። አልሰሙኝም። ከዘራቸውን አንስተው መንገዱ ዳር ሄደው ቆሙ። የምጠላቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬ እንደሳቸው ያለ ሰው የት ይገኛል እላለሁ፤ ያን ቀን ግን እንደዚያ አላልኩም።

እሳቸው እስኪመለሱ እኔና አማቴ ተቀመጥንበት። ሞፈሩ ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። ጆንያው ላብ ያህል አወጣና እምቢ አለ። ያኔ የኔ ክብደት ከለበስኩት ቀሚስ ብዙም አይበልጥም፤ አማቴማ ከኔ የባሱ ነበሩ። ለካስ ረሃብ ክብደታችንንም ወስዶታል። መጭመቂያው አለ፣ አገዳው አለ፤ የሚከብድ ሰው ጠፋ።

መንገደኛ ግን በዚያ ዘመን አይጠፋም። ከየመንደሩ የወጣው ሰው መኪና ቆሞ የሚበላ ይሰጠን እንደሆን እያለ ወደ አውራ ጎዳናው ይጓዝ ነበር። አባባ ይዘዋቸው የመጡት አራት ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጎልማሳና ሁለት ሴቶች፤ ሁሉም ማተብ ያሰሩ። አባባ ካቡ አጠገብ አቆሟቸውና፣ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው ተናገሩ።

"ይኸ ጥንቅሽ የናንተ ነው። ለመንገደኛ ብዬ ነው የዘራሁት። የእናቷ ጡት የደረቀባት ሕፃን አለችኝ። ትፈቅዱልኛላችሁ ወይ?"

ታላቂቱ ሴት ዓይኗ አገዳው ላይ ነበር። እንዴት እንዳየችው አሁንም ድረስ ዓይኔ ላይ አለ። አይሆንም ብትል ማንም የሚፈርድባት አልነበረም፤ አባባም ቃላቸውን አያጥፉም። የልጄ ነፍስ በዚያች ሴት ቃል ላይ ነበር። ወደ ጀርባዬ ዞረች፤ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ የልጄን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሄዳ ሞፈሩ ላይ ተቀመጠች።

ሌሎቹም ተከትለዋት ተቀመጡ። እኔና አማቴ ተጠጋን። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው መጥተው፣ ያንን በየጠዋቱ የሚጠርጉትን እንጨት ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡበት። ሞፈሩ ጮኸ። ጭማቂው ወፍጮው ላይ ወረደ፤ በቀጭኑ ወደ ቅሉ ይፈስ ጀመር። ሽታው ልብ ያጠፋል። ከነዚያ ሁሉ የተራቡ ሰዎች አንድም ጣቱን የዘረጋ የለም። ምራቃቸውን ሲውጡ ይሰማኝ ነበር። ሰው እንዲህ መሆን እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

አባባ አገዳ እየሰበሩ ሊያሸክሟቸው ቢሉ አንድ ብቻ ለአራት ተቀብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አማቴ ጭማቂውን አፈሉት፤ ራስ ያላወጣ ማሽላ የበላውን በሬ እንደሚጥል እናውቃለንና፣ ጠዋት እንዳደረግነው ጥሬውን ለልጅ መድገም ፈርተው ነው። ሲበርድ በጣቴ እየነከርኩ ሰጠኋት። አንዴ፣ ሁለቴ ዋጠች። ምላሷ ጣቴን ፈለገ። እየዋጠች እየዋጠች ቅሉ ባዶ ሆነ፤ እሷም ፊቷን አኮማትራ ጮኸች። ያ ሁሉ ቀን የጠፋው ድምፅ ከዚያች ትንሽ ደረት እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አማቴ "አልሀምዱሊላህ" እያሉ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ከልጄ እኩል አለቀስኩ።

ቀና ስል መንገደኞቹ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ሩቅ አልሄዱም ነበር፤ በዚያ ጉልበት ማን ሩቅ ይሄዳል። ፊታቸውን ከአውራ ጎዳናው መልሰው ወደ እኛ ሲመጡ አየኋቸው። ማንም አልጠራቸውም። ያቺ ሴት መጥታ ሞፈሩ ላይ ተቀመጠችና ለሌሎቹ ቦታ ለቀቀች።

"አገዳ ጨምሩበት እንጂ" አለችን፤ "ልጅቷ እኮ እየጠየቀች ነው።"