ጥናቴ ሽምግልና ላይ

እንጅባራ ተቀምጬ ስለ እግር እብጠት የጻፍኩትን ጥናት እስካሁን ዋቢ ያደረገው አንድ ተመራማሪ ብቻ ነው፤ እሱም እኔው ራሴ ነኝ።

ሰሞኑን ለጓደኛዬ ሽማግሌ ሆኜ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሄድኩላችሁ። የልጅቷ አባት «የልጁ እናት እግራቸው አብጧል። በሽታው ወደ ልጄ ይጋባል፤ አልሰጥም!» አሉ። አፌን ከመክፈቴ በፊት የልጅቷ አያት ከጤና ጣቢያ ያገኙትን የታጠፈ ወረቀት ከጋቢያቸው ስር አወጡ። የእኔው ጥናት አጭር ቅጂ ነው!

«ሊቁ ‹ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ይበጃል› ብሎ ጽፏል። አንተ ከሊቅ ትበልጣለህ?»

አባትየው «እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ።

አያትየው ወረቀቱን እያጣጠፉ «እንዲህ ያለ ሊቅማ ዛሬ ከየት ይገኛል፤ ነፍሱን ይማረው» አሉ።

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ።