ድምፅ ፍለጋ ወደ አምስት ኪሎ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ከደብረ ብርሃን የተነሳው አውቶቡስ ጉሙን እየሰነጠቀ ይወርዳል። ሜዳው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፤ የምንሳፈፍ እንጂ የምንጓዝ አይመስለኝም። ቦርሳዬ ውስጥ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት፣ ጭኔ ላይ ለአክስቴ የያዝኩት ቅቤ አለ። ሾፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ለመምህራን ሴሚናር።»

«ምን አሉ እትዬ?»

ደገምኩለት። ሞተሩ ዋጠው።

ድምፄ እየሄደ ነው። ጢም ብሎ በሞላ ክፍል ውስጥ ዓመታት ስጮህ ኖሬ ጉሮሮዬ ተሟጠጠ። ሐኪሙ «ካላረፍሽ ጭራሹን ይዘጋል» ብሎኛል። ርዕሰ መምህራችን ደግሞ የማይሰማ መምህር ወደ ንብረት ክፍል እንደሚዛወር በጨዋ ቋንቋ አስረድቶኛል። ጠመኔ ቆጥሮ ማደል ሊሆን ነው ሥራዬ። ሴሚናሩ ስለ አዳዲስ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ነው ሲባል ቀድሜ እጄን ያወጣሁት ለዚህ ነው።

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ታክሲው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አወረደኝ። የፕላስቲክ ጫማ፣ ብርቱካን፣ የመኪና ጡሩምባ፣ ትከሻ ለትከሻ የሚተሻሽ ሰው። ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር በቀጭኑ መንገድ ታጠፍኩ። አክስቴ እትዬ ዘውዴ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ናቸው።

«ድምፅሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አሉኝ ገና ስስማቸው።

«ሥራ ላይ አለቀ፣ አክስቴ።»

«እዚህ ሰፈር ስንት ዘመን እሪ ተብሎ ያላለቀ፣ ያንቺ ምን ሆኖ ነው የሚያልቀው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ዝንጅብል ይወቅጡልኝ ጀመር።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

መጀመሪያ ፒያሳ ወጣሁ። ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ እየጠጣሁ በመስተዋቱ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ፤ ሁሉም በዝግታ፣ በህልም እንደሚሄድ ሰው ያልፋል። ቁልቁል ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አምስት ኪሎ ስደርስ አዳራሹ ከየክፍለ ሀገሩ በመጣ መምህር ሞልቷል።

ሕጉን ነገሩን። ሦስት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ፊልም፣ ራዲዮ፣ ቴፕ። አንዱ ውስጥ የገባ ሌላውን አያገኝም፤ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውም የሠለጠነበት መሣሪያ ብቻ ነው።

የፊልሙ በር ላይ እግሬ ተያዘ። ግድግዳው ላይ ባሕር ይንቀሳቀሳል፤ ሰማያዊው ብርሃን ሰዎቹ ፊት ላይ ይዋኛል። ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁም። ግን ከደብረ ብርሃን ወጣ ያለው መንደራችን መብራት የለውም። ራዲዮውና ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፤ በራዲዮው የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ክፍሌን ለሌላ ሰው አልሰጥም። ባሕሩን እያየሁ ወደ ኋላ ተራመድኩና ቴፑ ክፍል ገባሁ።

አሠልጣኙ በቅርቡ ከውጭ የተመለሰ ወጣት ነው። እያንዳንዳችን አጭር ትምህርት እንድንቀርጽ አዘዘን። ተራዬ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ከንፈሬ ሥር አስጠግቼ በሹክሹክታ «የክረምት ወራት እነማን ናቸው?» አልኩና ዝም አልኩ።

«ጓድ መምህርት፣ ክሩ ባዶውን እየዞረ ነው። ይቀጥሉ እንጂ!»

ቆይ በሚል እጄን አነሳሁ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶ ሲያሰማን ያ ሹክሹክታ ክፍሉን ሞላው። የራሴ ድምፅ፣ የድሮው! እንባዬ መጣ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ሽበታም መምህራን ሁሉ ሳይነጋገሩ «ሰኔ! ሐምሌ! ነሐሴ!» ብለው አንባረቁ። አሠልጣኙም አብሮ ጮኸና በራሱ ሳቀ።

ሰኞ፣ ከተመለስኩ በኋላ

የክረምት ወራቱን ትምህርት የቀረጽኩበትን ቴፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ ድምፄን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ በአንድ አፍ መለሱ። ስንት ዓመት በላያቸው ላይ ስጮህ ኖሬ ልጆቼን በደንብ የሰማኋቸው ያን ጠዋት ነው። እንዴት ደስ እንደሚሉ!

ቴፑ «በርቱ» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሲሄድ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ጳጉሜስ? ጳጉሜ የት ትግባ?»

ክሩ ይዞራል፤ ለእሷ የቀረጽኩት ነገር የለም። ቴፑን አጠፋሁትና አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ይኼኔ ከፊት እስከ ኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ልጆቹ ለመስማት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ከነሐሴ ቀጥላ» አልኳት በሹክሹክታ።

ልጅቷ «እሺ» ብላ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ በሩን ቀስ ብሎ ከውጭ ዘጋልን።